ከሆስፒታል በር ወዲህ

(በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በቢቸና የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሂሳብ ነው። ይህን ወረቀት ይዤ ስቆም አንዳንዶቻችሁ «ዛሬ ደግሞ የማንን ውዝፍ ልታነብ ነው» እያላችሁ እንደሆነ ከፊታችሁ አያለሁ። አይዟችሁ፣ የዛሬው ውዝፍ የራሴ ነው። አንደኛው በእናቴ ላይ ያጠፋሁት ነው፤ ሁለተኛው እዚህ መካከላችሁ ተቀምጣ በምታዳምጠኝ በአንዲት የሞጣ እህታችን ላይ ያጠፋሁት ነው። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች።

ከእናቴ ልጀምር። ስትሮክ የመታት ከሦስት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም ነው። ለቅዳሴ ተነሥታ ነጠላዋን ልትለብስ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏ ወደ ግራ ተጣመመ፤ ንግግሯ ተኮላተፈ። የደም ግፊት ክኒኗን «ተሽሎኛል» ብላ ካቆመች ወራት አልፈው ነበር። ይህን ሳልፍ አንድ ነገር ልናገር፦ የሰው ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተበላሸ «ምች ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ እስከ ማታ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። እኛም ወሰድናት፤ ነፍሷም ተረፈ። ከቀናት በኋላ በሰው ተደግፋ ቤቷ ገባች፤ እኔም እግዚአብሔርን አመስግኜ መዝገቡን ዘጋሁ። ሕመሙ አለቀ፣ ከእንግዲህ መንከባከብ ብቻ ነው ብዬ አሰብሁ።

እንክብካቤያችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ዳቦ ጋግሮ መጣ፣ ዘመድ ከገጠር መጣ፣ ቤቱ ከጠያቂ ጦሙን አያድርም ነበር። «አትነሺ»፣ «እኔ ላድርግልሽ»፣ «ምን በወጣሽ!» ነው ሁሉም የሚላት። ፀጉሯን እኔ አበጥራለሁ። ነጠላዋን እኔ አጣፋለሁ። ምግቧን በግራ እጇ እንኳ እንዳትቆርስ እኔው አጎርሳታለሁ። ልጅ ለእናቷ ከዚህ የበለጠ ምን ታድርግ? ጸበልም ወሰድናት፤ ክኒኗንም ሳናቋርጥ ነበር የወሰድናት፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ። አራት ወር ሲሞላ እጇ ወደ ደረቷ ታጥፎ ቀረ፣ ጣቶቿም ተጨበጡ። ስታዝል ኖራ፣ ጥጥ ስትፈትል ኖራ፣ በእንዝርቷ ስንቱን ጋቢ ያስለበሰች እጅ ናት።

በዚያን ጊዜ ነው በአዴት በኩል አድርገን ባሕር ዳር ወደ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የወሰድናት። ወጣት ልጅ ነው። እጇን ከመንካቱ በፊት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ፀጉራቸውን ማን ያበጥራል?» «እኔ።» «ማን ያለብሳቸዋል?» «እኔ።» «ማን ያበላቸዋል?» «እኔ።» ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ እማማ ምን ይሥሩ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቢቸና እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ እናቴን ማየት አፍሬ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ነበር የመጣሁት።

ባለሙያው የነገረኝን በኋላ እያነበብሁ አጠናከርሁት። ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄድ ደም በመርጋት ሲዘጋ ወይም ሥሩ ፈንድቶ ሲፈስ የአንጎሉ አንድ ክፍል የሚሞትበት ሕመም ነው። የሞተው ክፍል አይነሣም። ከጎኑ ያለው ግን የሟቹን ሥራ ሊማር ይችላል፤ ሕፃን መራመድ እንደሚማረው፣ እየወደቀ፣ እየደጋገመ። ካልተደጋገመለት አይማርም።

ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር፤ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በበርሚንግሃም የሠራ የሥነ ልቦና ሰው ነው። መጀመሪያ ሥራው በጦጣዎች ላይ ነበር፣ በእንስሳቱ አያያዝም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ያየው ነገር ይህ ነው፦ የአንድ እጇ የስሜት ነርቭ የተቆረጠባት ጦጣ በእጇ ልትይዝ ትሞክራለች፣ ያቅታታል፤ ደግማ ትሞክራለች፣ ያቅታታል፤ ከዚያ ትተወዋለች። ኋላ እጇ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ቢመጣም እንኳ አትሞክረውም፤ አለመጠቀምን ለምዳዋለችና። ደኅናው እጇ ሲታሰርባት ግን በደካማው መያዝ ትጀምራለች። ታውብ በስትሮክ የተጎዳ ሰውም እንደዚሁ ይሆናል አለ። እጁ ከሚችለው ያነሰ ይሠራል፤ ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ልማዱም ያስረዋልና።

ይህ አሳብ በሰው ላይ በትልቁ ተፈትኗል። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2006 በወጣ ጥናት፣ ስትሮክ ከመታቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተካፍለዋል። ከፊሎቹ ለሁለት ሳምንት ከእንቅልፍ ውጭ ያለውን አብዛኛውን ሰዓት ደኅናው እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አጥልቀው፣ በደካማው እጅ በየቀኑ ለሰዓታት ተለማመዱ። ከዓመት በኋላ ሲታዩ እጃቸው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ይልቅ የተሻለ ይሠራ ነበር። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም፤ የገቡት አንጓቸውንና ጣታቸውን በጥቂቱም ቢሆን ማንቀሳቀስ የሚችሉት ብቻ ነበሩ። ጭራሽ የማይንቀሳቀስ እጅ ላለው ሰው መንገዱ ሌላ ነው።

የእናቴ ጣቶች ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሱ ነበር። ባለሙያው ለእኛ እንደሚሆን አቅልሎ ሰጠን። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ ደኅናው ግራ እጇ በነጠላ ይጠቀለላል፤ አጠገቧ ሰው ይቀመጣል። በሰፌድ ባቄላ እናቀርብላታለን፣ እሷ አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ጣሳ ትጥላለች። ባቄላው ሲቀልላት ሽምብራ፣ ሽምብራው ሲቀልላት ምስር። ልብስ ሲለበስ የታመመው እጅ ቀድሞ ይግባ፤ ስትነሣ በብብቷና በወገቧ ያዟት እንጂ በታመመው እጇ እንዳትጎትቷት፣ ትከሻዋ ይወልቃል ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ፤ እኛ ስንጎትታት ነበርና።

መጀመሪያ እማዬ ተቆጣች። «ልጄ እጄን አስራ ባቄላ ታስለቅመኛለች» ብላ ለጎረቤት ከሰሰችኝ፤ ጎረቤቶችም ፈረዱብኝ። አንዲት አሮጊት «የእናት እርግማን ይደርስብሻል» ብለውኛል። ሰፌዱን ያንሣችሁት ብዬ ልተወው የነበረበት ቀን ብዙ ነው። ያዳነን ቡና ነው። ጠያቂ ሲመጣ ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ እስኪፈላ ሰዓቱ ይሞላል፤ ጠያቂዎቹም ከእሷ ጋር ባቄላ ይለቅማሉ፣ ወሬው ይደራል፣ ንዴቷም ይረሳል። በሦስተኛው ወር ሽምብራ ላይ ደረስን።

ዛሬ እንዴት ናት ብትሉኝ፣ እንደ ድሮው አይደለችም፤ አልዋሽም። ምስሩን አሁንም አትችለውም። ሲኒ በሁለት እጇ ትይዛለች፣ እንጀራ ትቆርሳለች፣ ነጠላዋን ራሷ ትለብሳለች። እንዝርቱን በግራ እጇ ታሾረዋለች፣ ባዘቶውን የታመመው እጅ ይይዝላታል። ክሩ ወፍራም ነው፣ ሸማኔውም «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ስቋል። እሷ ግን ጋቢ እየፈተልሁ ነው ትላለች።

ታዲያ ቤተሰብ ካለ ባለሙያ ምን ያደርጋል የሚል እንዳይኖር ይህንንም ልጨምር። ሕንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች 1250 የስትሮክ ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ በ2017 ታትሟል። ለከፊሎቹ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያለማምዳቸው ሥልጠና ተሰጠ፤ የቀሩት እንደ ወትሮው ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ ልዩነት አልተገኘም። ይህን ሳነብ አዘንሁ፤ እኔ የጠበቅሁት ሌላ ነበር። ነገር ግን እውነት ነው፤ ለአጭር ጊዜ ሠልጥኖ ብቻውን የተተወ ቤተሰብ የባለሙያን ቦታ አይሸፍንም። እኛንም የረዳን በየሁለት ወሩ ባሕር ዳር ተመልሰን ያን ልጅ ማግኘታችን ይመስለኛል። በአገራችን ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው የቅርባችን ጎንደር ነው። ባለሙያዎቹ ዛሬም ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በትልልቆቹ ከተሞች ናቸው። ከቢቸና የሚመላለስ ሰው ደግሞ ለራሱና ለአስታማሚው መሳፈሪያ ያስፈልገዋል። ወደ ሁለተኛው ውዝፌ የሚወስደኝ ይኸው የመሳፈሪያ ነገር ነው።

የሞጣዋ እህታችን የጡት ካንሰር ታማ አንድ ጡቷ ተቆርጧል። ኬሞውን ባሕር ዳር ወሰደች፤ ለጨረሩ አዲስ አበባ ሄደች። ታስታውሳላችሁ፣ በአገራችን ጨረር የሚሰጠው ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዶክተር ቦጋለ ሰሎሞን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ብቸኛው የካንሰር ሐኪም ሆነው የሠሩበት ጊዜም ነበር። ከክፍለ ሀገር የሄደ ሰው ወረፋ እየጠበቀ የት እንደሚያድር ይጨንቀዋል። አቶ ወንዱ በቀለ የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት ማኅበር ለእንደዚህ ያሉ ሕሙማን ማረፊያ ሲሰጥ ኖሯል። የእኛም ማኅበር በአቅሙ ለሕክምናዋ ከፍሏል። ደረሰኞቹ ሁሉ በእጄ አሉ፣ አንድም አልጎደለም። ለጋሾቻችን በላካችሁልን ቅጽ ላይም «ታክመው የተመለሱ» በሚለው ዓምድ ሥር አንድ ብዬ ሞልቼላችኋለሁ።

ከተመለሰች በኋላ የሆነውን ግን የትኛውም ዓምድ አይጠይቅም። ጡት ሲቆረጥ በብብት ሥር ያሉ ንፍፊቶችም ብዙ ጊዜ አብረው ይወጣሉ። ንፍፊቶች በሰውነታችን ውስጥ የሚዘዋወረውን ፈሳሽ የሚያጣሩ ናቸው፤ እነሱ ሲጎድሉ ፈሳሹ ክንድ ውስጥ ይጠራቀምና ክንዱ ያብጣል። በሁሉም አይደርስም፤ በእሷ ደረሰ። ሰዉ ሁሉ «በዚያ እጅሽ ዕቃ እንዳታነሺ» አላት። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። ሊጥ ሳታነሣ፣ ጄሪካን ሳትይዝ፣ ምጣድ ሳታሰስ እንዴት ትጋግር? ተወችው። ምጣዷንም ሸጠች። ብድሯ ቆመ፤ እኔም «ውዝፍ» ብዬ ስሟን በቀይ ጻፍሁ።

«አታንሺ» የሚለውን ምክር በሌላውም ዓለም ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሲሰጡት ኖረዋል። ካትሪን ሽሚትዝ የምትባል ተመራማሪ ይህን ፈተነችው። ክንዳቸው ያበጠ 141 ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶችን ሰብስባ ከፊሎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት እንዲያነሡ አደረገች፤ ከትንሽ ጀምረው፣ በጣም በዝግታ እየጨመሩ፣ ክንድ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚለበስ ላስቲክ እጅጌ አጥልቀው፣ አሠልጣኝ እያያቸው። እ.ኤ.አ በ2009 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ክብደት በማንሣታቸው የክንዳቸው እብጠት አልባሰም። እንዲያውም እብጠቱ የተነሣባቸው ካነሡት ከ100 14 ሲሆኑ ካላነሡት ከ100 29 ናቸው። ጉልበታቸውም ጨመረ። ልብ በሉ፣ ቤቷ ገብታ በማግስቱ 20 ሊትር ጄሪካን ትሸከም አላለችም። ቀስ ተብሎ፣ ታይቶ፣ እጅጌው ተለብሶ ነው።

ጥናት ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ የራሳችንን ልንገራችሁ። ዝሆኔን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ሲኖር እግር የሚያሳብጠው ነው። እሱም የዚሁ ፈሳሽ መንገድ መዘጋት ነው፣ ምክንያቱ ይለይ እንጂ። ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ 696 ሕሙማን ያሉበት ጥናት አድርገው እ.ኤ.አ በ2018 አሳትመዋል። የተሰጣቸው ሕክምና እግር በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ነበር። እብጠቱን እያጋለ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ወዲያው ሕክምናውን በጀመሩት ላይ ሕክምናው ከዘገየላቸው ይልቅ በአምስት እጅ አንድ ያህል ቀነሰ። ዝሆኔና የጡት ካንሰር አንድ ሕመም አይደሉም፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይሆናል አላልሁም። እኔን የገረመኝ ግን እነዚያ ሰዎች ያስፈለጋቸው ነገር ሁሉ፣ ሳሙናውም፣ ፋሻውም፣ ካልሲውም፣ በእኔ መዝገብ «የሕክምና ወጪ» የማይባል መሆኑ ነው።

ይህን የምለው ለምን እንደሆነ የሞጣዋ እህቴ ታውቃለች። ምጣዷን ከመሸጧ በፊት ማመልከቻ ጽፋ ነበር። ለእጅጌውና ባሕር ዳር ለመመላለሻ 3,200 ብር ነው የጠየቀችው። እኔ «የሆስፒታል ደረሰኝ አልተያያዘም» ብዬ መለስሁት። ደንባችን እንደዚያ ይላል፣ ደንቡን አክብሬያለሁ፤ ኦዲተር ቢመጣ ያመሰግነኛል። በዚያ ዓመት ከእሷ ያልተመለሰው ብድር ግን ከ3,200 ብር እጅግ ይበልጣል። ሂሳብ ለሚወድ ሰው ይህ ብቻ ይበቃው ነበር። ለእኔ ግን የእናቴ እጅ እስኪታጠፍ ድረስ አልገባኝም።

ፊትዙ ሙላን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ ራሱ ካንሰር ይዞት የተረፈ ነው። እ.ኤ.አ በ1985 በጻፈው ጽሑፍ ካንሰርን «ዳነ» ወይም «አልዳነ» ብሎ በሁለት መክፈል ስህተት ነው ብሎ ተከራከረ። መትረፍ ወቅቶች አሉት አለ፦ ሕክምናው የሚበረታበት አለ፤ ከዚያ ሕክምናው አልቆ ሰውየው በፍርሃትና በድካም የሚኖርበት ረጅም ጊዜ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ኑሮ የሚጸናበት። እኛ የገበሬ ልጆች ነንና ወቅት ይገባናል። ለክረምቱ ብቻ አስቦ ለበልጉ ያላሰበ ጎተራው ምን እንደሚመስል አይጠፋንም። የእኛ ማኅበር የመጀመሪያውን ወቅት ከፍሎ መዝገብ የሚዘጋ ማኅበር ነው፤ ሁለተኛው ወቅት ግን ሴትየዋ ብቻዋን ቤቷ የተቀመጠችበት ነው።

ስለዚህ ያቀረብሁት የደንብ ማሻሻያ ይህ ነው። «ለሕክምና» በሚለው ላይ «ከሕክምና በኋላም ለማገገም» የሚል ይጨመር፤ የሕመምተኛዋና የአስታማሚዋ መሳፈሪያ፣ እጅጌ፣ ፋሻ፣ ምርኩዝ ይካተት። ለነዚህ የሆስፒታል ደረሰኝ ሳይሆን የሱቅ ደረሰኝ ወይም የሁለት አባላት ምስክርነት ይበቃል። የብድር እፎይታው ደግሞ ዛሬ ስድስት ወር ሲሆን የሚቆጠረው ሆስፒታል ከተገባበት ቀን ጀምሮ ነው። የሞጣዋ እህታችን ከአዲስ አበባ ስትመለስ እፎይታዋ አልቆ ነበር፤ አንድም ቀን ቤቷ ሆና አላረፈችበትም። ቆጠራው ቤቷ ከገባችበት ቀን ይጀምር ነው የምለው። የሚጨምረውን ወጪ አስልቼ በሠንጠረዥ አያይዣለሁ፤ ከድንገተኛ ፈንዱ ውስጥ ይሸፈናል፣ አዲስ መዋጮ አልጠይቅም።

ለጋሾቻችንን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው ቅጽ ላይ «ታክመው የተመለሱ» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሩልን፦ «ከስድስት ወር በኋላ ምን እየሠሩ ነው?» የሚል። ባዶ ሆኖ የሚላክበት ጊዜ ይኖራል። ባዶውንም ቢሆን እልክላችኋለሁ።

ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገርም አለ፤ እሱ ደንብም አያስፈልገውም። የታመመች አባል ስትጠይቁ ዳቦውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን አታጉርሷት። ባቄላውንና ሰፌዱን አቅርቡና አብራችሁ ተቀመጡ። ባለሙያ የሰጣት ልምምድ ካለ እሱን ጠይቋትና ሰዓቱ እስኪሞላ አጫውቷት። በቢቸና አራት እህቶች ተራ ገብተው ለእናቴ ይህን አድርገውልኛል፤ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል።

የሞጣዋ እህታችን አሁን ያገለገለ ምጣድ በዱቤ አግኝታ በሳምንት ሁለት ቀን ትጋግራለች። ሊጡን በትንንሽ ባልዲ ከፋፍላ ነው የምታነሣው። እጅጌዋን አሁን ለብሳዋለች፤ ማየት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ጠይቋት፣ አታፍርም። ማመልከቻዋን ከፋይሉ አውጥቼ እንደገና አቅርቤዋለሁ፤ በዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር አራት ላይ ነው። የሞጣ መኪና በዘጠኝ ሰዓት ስለሚነሣ እባካችሁ ከምሳ በፊት ድምፅ እንስጥበት።